ሃውስ፣ ጎስፔልና የጎዳና ዳንስ፦ በስህተት የምናምናቸው ነገሮችና እውነታው

ሰሞኑን ለጓደኞቼ አንድ አጭር ቪዲዮ ላክሁላቸው። ስኒከር ያደረጉ ዳንሰኞች መድረክ ላይ አሉ። ከኋላቸው የጎስፔል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ መዘምራን ተደርድረዋል። ከሥር የሃውስ፣ ማለትም በክለብ የሚጨፈርበት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ ምት አለ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የዳንሰኞቹ እግር መሬት የሚነካ አይመስልም።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ይሄ እኮ ድፍረት ነው» አለ አንዱ። «የፈረንጅ ጭፈራ ቤት ሙዚቃን ከመዝሙር ጋር ምን አገናኘው?» አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ደግሞ «ቆንጆ ነው፣ ግን የሰፈር ልጆች ጭፈራ እንጂ ቴአትር አይባልም» ብሎ ዘጋው።

ማንም ክፉ አላሰበም። እኔ ግን ነገሩን ስለምወደው ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሃውስ የአውሮፓ ዲጄዎች ሙዚቃ ነው»

አብዛኞቻችን ሃውስን ያወቅነው በትልልቅ የአውሮፓ ፌስቲቫሎች ቪዲዮ ስለሆነ እንዲህ ብናስብ አይገርምም። ሃውስ የተወለደው ግን አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ውስጥ ነው። ወልደው ያሳደጉትም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

በ1977 ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ የሚባል ክለብ ተከፈተ። ዲጄው ፍራንኪ ነክልስ ነበር፤ የኒውዮርክ ብሮንክስ ልጅ። ወደዚያ የሚመጡት በብዛት ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ አብዛኞቹም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ነበሩ። ሌላ ክለብ በር ላይ የሚመልሳቸው፣ ከቤታቸውም ከቤተ ክርስቲያናቸውም የተገፉ ሰዎች። ነክልስ ክለቡን ሲገልጸው ከጸጋ ለወደቁ ልጆች እንደ ቤተ ክርስቲያን ነበር ይል ነበር። «ሃውስ» የሚለው ስምም ከዚሁ ክለብ ስም ተቆርጦ እንደቀረ በሰፊው ይነገራል።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አይሰማውምና። ጁላይ 12 ቀን 1979 እዚያው ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ በሚባል የቤዝቦል ስታዲየም፣ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አፈነዳ። ሕዝቡ ከየቤቱ ሸክላ ይዞ እንዲመጣ ተጠርቶ ነበር። ሰዉ አጥሩን ጥሶ ሜዳው ውስጥ ገባ፤ የዕለቱ ሁለተኛ ጨዋታም ቀረ። ቪንስ ሎረንስ የሚባል ጥቁር ታዳጊ ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ሰው ወደ ወንበሩ እየመራ ይሠራ ነበር። ከመጡት ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ እንዳልነበሩ፣ የጥቁር ዘፋኞች ሥራ ስለሆኑ ብቻ እንደመጡ በኋላ ተናግሯል። ይሄው ልጅ ነው በ1984 ከጄሲ ሳንደርስ ጋር ሆኖ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሃውስ ሸክላ የሚሉትን የሠራው። ነክልስ ሃውስን «የዲስኮ በቀል» ያለው ወዶ አይደለም።

«ጎስፔል ከዓለማዊ ሙዚቃ ጋር ተነካክቶ አያውቅም»

የጎስፔል አባት የሚባለው ቶማስ ዶርሲ ነው። በ1899 ጆርጂያ ውስጥ ከሰባኪ አባት ተወለደ። ግን ወጣትነቱን ያሳለፈው ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዓለማዊ ሙዚቃ እየተጫወተ ነው። «ጆርጂያ ቶም» ይሉት ነበር። ማ ሬይኒ የምትባለውን ታላቅ የብሉዝ ዘፋኝ በፒያኖ ያጅብ ነበር። በኋላ የብሉዙን ዜማና ምት ይዞ ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ሲመጣ፣ የቺካጎ አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ዘጉበት። «ይሄማ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው» ነበር ነገሩ። የጓደኛዬን መልእክት ሳነብ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው፤ ዘጠና ዓመት ያለፈው ወቀሳ ስልኬ ላይ ተመልሶ መጣ።

በ1932 ዶርሲ በፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መምራት ጀመረ። በዚያው ዓመት ለሥራ ሴንት ሉዊስ በሄደበት ሚስቱ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም ወዲያው ተከተላት። ዛሬ በመላው ዓለም በየቀብሩ የሚዘመረውን፣ ጌታ ሆይ እጄን ያዝ የሚለውን መዝሙር የጻፈው ከዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኖ ነው። በብሉዝ የሰለጠነ እጅ ነው ያንን የጻፈው። ያንን መዝሙር ሰምቶ «ዓለማዊ ነው» የሚል ሰው ዛሬ አላጋጠመኝም።

መንገዱ ደግሞ ወደዚያም ወደዚህም ነው። ሎሊያታ ሃሎዌይ ቺካጎ ውስጥ በጎስፔል አደገች፤ ካራቫንስ ከሚባለው ስመ ጥር የጎስፔል ቡድን ጋርም ዘምራለች። ወደ ዲስኮ ስትሄድ ድምፅዋን ይዛው ሄደች። የሃውስ ሠሪዎች ያንን ድምፅ ከሸክላ ላይ እየቆረጡ ደጋግመው ተጠቀሙበት። ኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ ከተማ፣ ክለብ ዛንዚባር ውስጥ ቶኒ ሃምፍሪስ ያጫውተው የነበረውን ሙዚቃ ብትሰሙ ደግሞ የእሁድ ጠዋቱ ፒያኖ እዚያ ነው። አንዱ ይጠራል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ይሄ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ነው።

ስለዚህ ሃውስና ጎስፔልን አንድ መድረክ ላይ ያመጣ ሰው የማይተዋወቁ ሰዎችን አላጋባም። ዘመዳሞችን አገናኘ።

«እግር ከተንቀሳቀሰ ጸሎት ቀረ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በጆርጂያና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ጠረፍ ጉላ ጊቺ የሚባሉ፣ በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን የተወለዱ ማኅበረሰቦች አሉ። «ሪንግ ሻውት» የሚባል የአምልኮ ሥርዓት አላቸው። ሰዎች ክብ ሠርተው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራሉ። አንዱ ያዜማል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። አንዱ ደግሞ ተቀምጦ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ የሳንቃውን ወለል ይመታል።

ለምን እንጨት? በ1739 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ስቶኖ ወንዝ አካባቢ ባሪያ የተደረጉ ሰዎች አመፁ። ከበሮ እየመቱ ነበር የተጓዙት። በማግስቱ ዓመት፣ በ1740፣ የወጣው ሕግ ከበሮን ከለከላቸው። ምት ግን በሕግ አይቆምም። ወደ እጅ፣ ወደ እግር፣ ወደ መጥረጊያ እንጨት ገባ።

አሁን እግራቸውን ተመልከቱ። ከመሬት ብዙም አይነሳም፤ ይንሸራተታል። አንዱ እግር ሌላውን አያቋርጥም። ምክንያት አለው። በእነሱ ዘንድ እግር ከተጠላለፈ ጭፈራ ነው፣ ካልተጠላለፈ አምልኮ ነው። አንዲት አሮጊት እግሯን ሳታጠላልፍ፣ ጉልበቷን ለቀቅ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ስትዞር ድንበሩ የት እንዳለ ጠንቅቃ ታውቃለች። ጆርጂያ ውስጥ ማኪንቶሽ ካውንቲ ሻውተርስ የሚባለው ቡድን ይሄን ልማድ እስከ ዘመናችን አድርሶታል።

ለእኛ ለሐበሾች ይሄ ሊከብደን አይገባም ነበር። የጥምቀት ዕለት ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮው እየተመታ፣ ወደፊትና ወደኋላ ሲያሸበሽቡ አይተን አድገናል። ማንም «ጨፈሩ» አይልም። ወረብ ነው፣ ምስጋና ነው። ሰውነት ሳይንቀሳቀስ ምስጋና አይሞላም ብሎ ያመነ ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም፤ ይሄን ማወቅ ለእኔ ደስታ ነው።

የሃውስ ዳንሰኞችም ክብ ይሠራሉ። አንዱ መሃል ይገባል፣ ያለውን ይሰጣል፣ ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። ከሪንግ ሻውት ወደዚህ ቀጥ ያለ መስመር ልሳል አልልም። የዘር መልክ ግን አይጠፋም።

«ክለብ ማለት መጠጥ ነው»

አጭር መልስ አለው። ኒውዮርክ ውስጥ ኪንግ ጎዳና ቁጥር 84 ላይ ከ1977 እስከ 1987 የነበረው ፓራዳይስ ጋራዥ አልኮል አይሸጥም ነበር። ከዚያ በፊት በ1970 ዴቪድ ማንኩሶ ቤቱ ውስጥ የጀመረው፣ ሎፍት የሚባለው ግብዣም እንዲሁ። ሱስ የሚባል ነገር እዚያ ዝር ብሎ አያውቅም እያልኩ አይደለም። ሰዉ የሚመጣው ግን ለዳንስ ነበር። ወለሉ እንዲያንሸራትት የሕፃን ፓውደር ይነሰንሱ ነበር። የጋራዡን ቅዳሜ ምሽት ታዳሚዎቹ «የቅዳሜ ቅዳሴ» ነበር የሚሉት።

«የጎዳና ዳንስ ትምህርት አይፈልግም»

እሺ፣ እንሞክረው። ቆሙ። ጉልበታችሁን ለቀቅ አድርጉ። ምቱ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ ይመታል። አሁን ደረታችሁ እንደ ማዕበል ይግባና ይውጣ፣ ወገብም ይከተለው። ይሄ ጃክ ይባላል፤ የሁሉም መነሻ ነው። እስክስታ የለመደ ሰው ቶሎ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ፤ ደረትና ትከሻ ለብቻቸው እንደሚናገሩ ያውቃልና። ከዚያ ጃኩ ሳይቆም እግር ይጨመራል። የእርምጃዎቹ ስም ሸፍል፣ ፋርመር፣ ሎዝ ሌግስ፣ ሌላም ነው። ከላይ የተረጋጋ፣ ከታች የሚበር። ብዙ ሰው እግሩን ሲይዝ ደረቱ ይጠፋበታል፣ ደረቱን ሲያገኝ እግሩ ይምታታበታል። ሁለቱን ማስማማት ዓመታት ይፈጃል።

ሦስተኛው ክፍል ሎፍቲንግ ነው፤ ወለሉ ላይ በለስላሳው መውረድና መነሳት። በእነዚህ ውስጥ ታፕ አለ፣ ሳልሳ አለ፣ የአፍሪካ ጭፈራ አለ፣ የብራዚል ካፖየራም አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ኢጆ ዊልሰን፣ ብራያን ግሪን፣ ከሄይቲ የመጣችውና በ2015 ያረፈችው ማርጆሪ ስማርዝ ይሄን ለትውልድ አስተምረዋል። ትምህርት ቤቱ የክለብ ወለል ስለሆነ ብቻ ትምህርት ቤት አይደለም ማለት ነው?

«መድረክ ላይ ከወጣ ጎዳናው ቀርቷል፣ ቴአትርም አይሆን»

ለሦስተኛው ጓደኛዬ ነው ይሄ። ሬኒ ሃሪስ የሰሜን ፊላደልፊያ ልጅ ነው፤ በ1964 ተወለደ። ዳንስን የተማረው ሰፈሩ ውስጥ ነው። በ1992 ፒዩርሙቭመንት የሚባል ቡድን አቋቋመ። ሂፕ ሆፕንና ሃውስን ለሙሉ ምሽት ቴአትር የሚበቃ ቋንቋ እንደሆነ አድርጎ ያዘው። በ2000 የሼክስፒርን ሮሚዮና ጁልየት በጎዳና ዳንስ አቀረበው። ሃውስንና ጎስፔልን አንድ ላይ ይዞም የኦሊቨር ትዊስትን ታሪክ መነሻ ያደረገ፣ ቤተ ክርስቲያንንና ጎዳናን ፊት ለፊት የሚያገናኝ ሥራ ሠርቷል። ባለታሪክ አለ፣ ግጭት አለ፣ መውደቅና መነሳት አለ። ቴአትር ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

«ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ደግሞ እንዲህ ካለ ሥራ ጋር ሲነሳ ለፖስተር ማሳመሪያ የሚመስላቸው አሉ። የሚከተለው ሥራ ይመልስልኛል።

በ2011 ሃሪስ ለአልቪን ኤይሊ የዳንስ ቡድን አንድ ሥራ ሠራ። ስሙ «ሆም» ነው፤ ቤት ማለት ነው። መነሻው ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ፣ ወይም ቫይረሱ ቤታቸውን ያንኳኳባቸው ሰዎች የላኳቸው ታሪኮች ናቸው። ዳንሱ በሃውስ እግር ተሠራ። ሙዚቃው የዴኒስ ፌረርና የራፋኤል ዛቪየር ነበር፤ ጎስፔል ያለበት ሃውስ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ዲሴምበር 1 ቀን፣ የዓለም የኤድስ ቀን ነው። የቡድኑ መሥራች አልቪን ኤይሊ በኤድስ ያረፈው በዚያው ቀን፣ በ1989 ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ እሱ ያቋቋመው ቡድን ዳንሰኞች ያን ምሽት ኒውዮርክ መድረክ ላይ ቆሙ። ጉልበታቸውን ለቀቅ አድርገው ጃኩን ጀመሩት።