የጦር መሣሪያ ጥቃትን በመድረክ መጋፈጥ፦ የአሜሪካ ቴአትር ከ1998 ወዲህ

በአሜሪካ ቴአትር ውስጥ የተለየ ስም ያልወጣለት፣ ግን ራሱን የቻለ አንድ ዘርፍ አለ። ስለ ተኩስ የሚጻፍ፣ ተኩስ በደረሰበት ከተማ የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም ከተኩሱ የተረፉ ልጆች ራሳቸው የሚሠሩት ቴአትር ነው። ስለ እሱ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ስላላገኘሁ ነው ይሄን ያዘጋጀሁት። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ እንይ። በ2021 ብቻ አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሕፃናትንና ወጣቶችን በመግደል ከመኪና አደጋም ከሌላ ምክንያትም ቀድሞ አንደኛ የሆነው ጥይት ነው። እዚያ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ የሎክዳውን ልምምድ ነበረን» ይለዋል። መብራት ይጠፋል፣ በር ይቆለፋል፣ ልጆቹ ጥግ ይዘው ዝም ይላሉ። ለመሸሸግ የሚደረገውንም፣ ለመድረክ የሚደረገውንም በአማርኛ «ልምምድ» ነው የምንለው። ከታች እንደምታዩት፣ አንድ ቀን ሁለቱ ልምምዶች እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል።

ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሪገን

ግንቦት 21 ቀን 1998 በስፕሪንግፊልድ ከተማ የተርስተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ፣ ቀደም ሲል ወላጆቹን ገድሎ፣ ምግብ አዳራሽ ገብቶ ተኮሰ። 2 ተማሪዎች ሞቱ፣ ከ20 በላይ ቆሰሉ። በዚያው ሰሞን ዊልያም ማስትሮሲሞኒ የሚባል ጸሐፌ ተውኔት በጎረቤት ግዛት በዋሽንግተን ይኖር ነበር። በ1980ዎቹ «ኤክስትሪሚቲስ» በሚባል ተውኔቱ ስም ያገኘ ሰው ነው። ልጁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ አንድ ተማሪ ክፍሉን በሙሉ እንደሚገድል፣ መምህሩንም እንደማይምር ሰሌዳ ላይ ጽፎ መገኘቱን ነገረው። አባት ደነገጠ። የሚያውቀው ሙያ መጻፍ ነውና ቁጭ ብሎ ጻፈ።

የተውኔቱ ርዕስ «ባንግ ባንግ ዩር ዴድ» ይላል። ልጆች ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ ጣታቸውን ጠመንጃ አድርገው «ድው! ድው! ሞተሃል!» እንደሚሉት ማለት ነው። ጆሽ የሚባል ልጅ ወላጆቹንና 5 የትምህርት ቤት ልጆችን ገድሎ እስር ቤት ነው። ሌሊት የገደላቸው ልጆች መንፈስ ይመጡበታል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ለምን እኔን? መልስ የለውም። እነሱ ግን አይለቁትም፣ ሊኖሩት ይገባቸው የነበረውን ሕይወት አንድ በአንድ ያስቆጥሩታል። ለኔ የዚህ ተውኔት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ገዳዩን ጀግና አያደርገውም፣ አውሬም አያደርገውም። የሞቱት ልጆች ፊት አቁሞ እንዲሰማ ያደርገዋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 1999 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ እዚያው ተርስተን ነው። ተኩሱ ከደረሰ ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ። እንዲህ ያለውን ነገር እሺ ያለ ማኅበረሰብ ድፍረቱ ሊደነቅ ይገባል። ጸሐፊውም ቴአትሩን ለንግድ አልያዘውም። ልጆች ለልጆች እንዲሠሩት ብሎ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ የትኛውም ትምህርት ቤት ሳይከፍል አውርዶ ማሳየት ቻለ። ዛሬ ይሄ ተራ ነገር ይመስላል፣ በ1999 ግን ለጸሐፌ ተውኔት እንግዳ ውሳኔ ነበር። ለመድረኩም ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም፣ ሀብታሙም ድሃውም ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል።

ከመጀመሪያው ትዕይንት 13 ቀን በኋላ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ሌላ ከባድ ጥቃት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ተውኔቱ በየግዛቱ ተፈለገ። በ2002 ወደ ቴሌቪዥን ፊልም ሲለወጥ ታሪኩ ውስጥ ተውኔቱን ለማሳየት የሚጥር የድራማ መምህርና የሚቃወሙት ወላጆች ገቡበት። ይሄ ከሜዳ የመጣ ነገር አይደለም። «ልጆቹን ሐሳብ ማስያዝ ይሆናል» የሚለው ፍርሃት እስከ ዛሬም አለ።

ተውኔቱ የሚነቀፍበትም አለ። ገዳዩ የተናቀ፣ የተሾፈበት ልጅ ስለሆነ ነው እዚህ የደረሰው ወደሚል ያዘነብላል። የኮሎምባይን ገዳዮችም የተገፉ ልጆች ነበሩ የሚለው ወሬ ያኔ በሰፊው ተወርቷል፣ በኋላ የጻፉ ተመራማሪዎች ግን ይሄን ብዙም አልተቀበሉትም። ምናልባት እውነቱ መሃል ላይ ይሆናል።

ኮሎምባይንና ሲልቨር ስፕሪንግ

ሚያዝያ 20 ቀን 1999 በኮሎራዶ የኮሎምባይን ትምህርት ቤት 12 ተማሪዎችና 1 መምህር ተገደሉ። ከሁለቱ ገዳዮች አንዱ በትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ ድምፅ የሚቆጣጠር ልጅ ነበር። ለመድረክ የሚሠሩ ልጆች አብረውት አምሽተዋል። ቴአትር የምንወድ ሰዎች ይሄን እውነት መዋጥ አለብን፤ የድራማ ክፍል ክትባት አይደለም።

ስለ ኮሎምባይን የተሠራው ዋናው ቴአትር «ኮሎምባይነስ» ነው። ስቲቨን ካራምና ፒ ጄ ፓፓሬሊ ጻፉት። በ2005 በራውንድ ሃውስ ቴአትር ታየ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። አዎ፣ የኛው ሲልቨር ስፕሪንግ። እንጀራውም ቡናውም ካሴት ቤቱም የነበረበት ከተማ። በ2006 ደግሞ ኒው ዮርክ ገባ።

አሠራሩ የሰነድ ቴአትር የሚባለው ነው። ጸሐፊዎቹ ከኮሎምባይን ሰዎች ጋር ቃለ ምልልስ አደረጉ፣ በየከተማው ወጣቶችን አነጋገሩ፣ የገዳዮቹን ማስታወሻና የፖሊስ ሰነድ አገላበጡ። በመጀመሪያው ክፍል የሚታዩት 8 ተማሪዎች ስም የላቸውም፤ ስፖርተኛው፣ ብቸኛው፣ አማኟ እየተባሉ በተለጠፈባቸው ነገር ነው የሚታወቁት። ከዚያ ከመሃላቸው ሁለቱ እየተለዩ ይሄዳሉ፣ ተመልካች የሚመጣውን እያወቀ ይመለከታል። በ2013 ቺካጎ ላይ ሲታይ የኮሎምባይን ማኅበረሰብ ከጥቃቱ በኋላ የሆነውን የሚያሳይ ሦስተኛ ክፍል ተጨመረለት። ፓፓሬሊ በ2015 በመኪና አደጋ ሞተ።

በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ተገድለዋል፤ ጁሊያ ቾ ከዓመታት በኋላ ያንን ጥቃት የሚያስታውስ «ኦፊስ አወር» የሚል ተውኔት ጽፋለች።

ከኒውታውን በኋላ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2012 በኮነቲከት ግዛት፣ ኒውታውን ከተማ ውስጥ፣ በሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ተገደሉ። ልጆቹ የ6ና የ7 ዓመት ነበሩ። ቴአትር ሰዎቹ በዚህ ጊዜ እስክሪብቶ ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። በዋሽንግተን ዲሲ ትልቁን አሪና ስቴጅ ትመራ የነበረችው ሞሊ ስሚዝ ሰልፍ ጠራች፣ ጥር 26 ቀን 2013። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በብርድ ወጣ። የቴአትር ቤት ዳይሬክተር ለጦር መሣሪያ ሕግ ሰልፍ ስትመራ ማየት የተለመደ አይደለም። ካሪዳድ ስቪች የምትባል ጸሐፌ ተውኔት ደግሞ በዚያው ሰሞን አጫጭር ተውኔቶችን ከጓደኞቿ አሰባስባ ለንባብ አበቃች፤ ስብስቡ 24 ተውኔቶች ይዞ ታትሟል።

ኒውታውን ውስጥ ያለው ሥራ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በ2014 የከተማዋ ልጆች የሼክስፒርን «የበጋ ሌሊት ሕልም» በሮክ ሙዚቃ አጅበው ሠሩ። ስለ ተኩሱ አንድ ቃል የለበትም። እዚያ ያስፈለገው ልጆቹ እንደገና ጮክ ብለው እንዲስቁ፣ እንዲዘፍኑ፣ ሰው ፊት እንዲቆሙ ነበር። ቴአትር ተኩስን ሲጋፈጥ ሁልጊዜ ስለ ተኩስ ያወራል ማለት እንዳልሆነ ያሳየኝ ይሄ ነው።

ቺካጎ፣ ፈርጉሰን፣ ኦርላንዶ

በትምህርት ቤት ጥቃት የሚሞተው ከጠቅላላው ትንሽ ነው። በየሰፈሩ በየቀኑ የሚሞተው ይበዛል፣ መድረኩም ሆነ ጋዜጣው ግን ለእሱ እኩል ቦታ አልሰጠም። ይሄ ያሳዝነኛል። ከሠሩት አንዱ ማይልስ ሃርቪ ነው። በቺካጎ የዲፖል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ለዓመታት ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ እናቶችን፣ የወሮበላ ቡድን ውስጥ የነበሩ ልጆችን፣ የቆሰሉትን አነጋገሩ። ከዚያ «እስከ መቼ አለቅሳለሁ?» የሚል ተውኔት ወጣ፣ በ2013 በስቴፐንዎልፍ ቴአትር ለወጣቶች ታየ። ርዕሱን ስሰማ ዕንባቆም ነው የመጣብኝ፣ ስለ ግፍ ጮኾ እስከ መቼ ብሎ አምላኩን የጠየቀው ነቢይ። ቃለ ምልልሶቹ በመጽሐፍም ወጥተው በነፃ ታድለዋል።

በ2014 ማይክል ብራውን የሚባል ጥቁር ወጣት በሚዙሪ ግዛት፣ ፈርጉሰን ከተማ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ «በየ28 ሰዓቱ» የሚባሉ የአንድ አንድ ደቂቃ ተውኔቶች ተጻፉ። ስሙ የመጣው አንድ ጥቁር ሰው በየ28 ሰዓቱ በፖሊስ፣ በጥበቃ ወይም ራሱን ሕግ አስከባሪ ባደረገ ሰው ይገደላል ከሚል አኃዝ ነው። አኃዙን የሚጠራጠሩት ብዙ ናቸው፣ ተውኔቶቹን ግን ይሄ አያሳንሳቸውም።

ሰኔ 12 ቀን 2016 በፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሚያዘወትሩት ፐልስ የምሽት ክበብ 49 ሰዎች ሲገደሉ የከተማዋ የቴአትር ሰዎች ያደረጉት ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ቀብር ላይ መጥተው ሐዘንተኛን የሚሳደቡ ተቃዋሚዎች እንደሚኖሩ ስላወቁ፣ አልባሳት ክፍል ገብተው ከነጭ ጨርቅ ግዙፍ የመልአክ ክንፎች ሰፉ። ለብሰውት ቆሙ። ሐዘንተኞቹ ከክንፎቹ ጀርባ አለፉ፣ ስድቡን የሚያሳይ ሰሌዳ ሳያዩ።

ፓርክላንድ

የካቲት 14 ቀን 2018 በፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ በሚገኘው የማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ትምህርት ቤት የድራማ ተማሪዎች «ዮ፣ ቫይኪንግስ!» የሚባል የልጆች ሙዚቃዊ ቴአትር እየተለማመዱ ነበር። የእሳት ደወል ጮኸ። የተለመደው ልምምድ መስሏቸው ወጡ። ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። መምህሯ ሜሎዲ ኸርዝፌልድ 65 ተማሪዎችን መልሳ አስገብታ የዕቃ ክፍል ውስጥ ደበቀቻቸው። የፖሊስ ኃይል ደርሶ እስኪያወጣቸው ድረስ እዚያ ቆዩ። በዚያ ቀን 17 ሰዎች ሞቱ።

በሳምንቱ በቴሌቪዥን በተላለፈ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ሁለት የድራማ ተማሪዎች የደረሱት «ሻይን» የሚል መዝሙር ተዘመረ። መጋቢት 24 በዋሽንግተን ለተካሄደው ትልቅ ሰልፍ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ካሜረን ካስኪም የድራማ ልጅ ነው። እነዚህ ልጆች ማይክ ሲሰጣቸው ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ሰው ይሄን ከየት አመጡት ብሎ ተገረመ። ከድራማ ክፍል ነዋ! ለዓመታት የጥበብ በጀት ሲቆረጥ «ጨዋታ ነው» ተብሎ የተናቀው ክፍል ነው ያስተማራቸው።

ይሄው ችሎታቸው መወንጀያ ሆነባቸው። ተከፍሏቸው የሚተውኑ ናቸው፣ ጥቃቱም ድራማ ነው የሚሉ ሰዎች ተነሱ። ፍጹም ውሸት ነው። ጓደኞቻቸውን የቀበሩ ልጆች ናቸው።

ሰኔ 10 የአሜሪካ ቴአትር ትልቁ ሽልማት በሆነው በቶኒ መድረክ ኸርዝፌልድ የቴአትር መምህራን ሽልማት ተቀበለች፣ ተማሪዎቿም ከ«ሬንት» ሙዚቃዊ ቴአትር «ሲዝንስ ኦቭ ላቭ»ን ዘመሩ። አዳራሹ ተነስቶ ነው ያጨበጨበው። ይሄን ቪዲዮ ያላየ ይፈልገው።

በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 20 አካባቢ፣ ሎረን ጋንደርሰን «ናቹራል ሾክስ» የሚለውን ተውኔቷን ለበጎ ዓላማ ለሚያነቡ ሁሉ ያለ ክፍያ ፈቀደች። በአውሎ ነፋስ ምክንያት ምድር ቤት የተደበቀች አንዲት ሴት ናት የምትናገረው። የውጭው ነፋስ ብቻ አይደለም የሚያስፈራት፣ ጠመንጃ ያለው ባል አለ። የቤት ውስጥ ጥቃትን ከጦር መሣሪያ ጋር በግልጽ ያገናኘ ሥራ ሆኖ ሳለ ተገቢውን ያህል አልተወራለትም ባይ ነኝ።

ልጆቹ ራሳቸው ሲጽፉ

ማይክል ኮቲ የሚባል አዘጋጅ «ኢናፍ» የሚል ፕሮጀክት ጀመረ፣ «በቃ» እንደማለት። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የ10 ደቂቃ ተውኔት ጽፈው ይወዳደራሉ፣ ስመ ጥር ጸሐፌ ተውኔቶች ይዳኛሉ፣ የተመረጡት በአንድ ቀን በብዙ ከተሞች ይነበባሉ። የመጀመሪያው ዙር በ7 ተውኔቶች ታኅሣሥ 14 ቀን 2020 ሆነ፣ የሳንዲ ሁክ መታሰቢያ ቀን ላይ። ወረርሽኝ ስለነበር አብዛኛው በኢንተርኔት ነው። ቀጣዩ ሚያዝያ 20 ቀን 2022፣ የኮሎምባይን ቀን።

ንባብ መሆኑ ብልህነት ነው። ወንበርና ወረቀት ካለ ይበቃል፤ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ቤተ መጻሕፍትም ይሆናል። ከንባቡ በኋላ ውይይት አለ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው። በዚህ ላይ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል ተመልካቹን ራሱን መድረክ ላይ የሚያወጣ አሠራር ቀደም ብሎ አስተምሯል።

ቴአትር ተኩስን ቀነሰ ወይ? ከ2021 ወዲህ የሟቾቹ ቁጥር ትንሽ ቀንሷል፣ ግን ቴአትር ነው ያደረገው ማለት አይቻልም። ተውኔት ሕግ አያወጣም፣ ጠመንጃም አይቆልፍም። ግን ስሙ በዜና አንዴ ተጠርቶ የሚረሳውን ልጅ ለአንድ ሰዓት ሰው አድርጎ ያቆመዋል፣ ለዚህ ደግሞ ምስክሩ ማኑኤል ኦሊቨር ነው። ልጁ ዋኪን በፓርክላንድ ተገደለ፣ 17 ዓመቱ ነበር። ከቬንዝዌላ የመጡ ስደተኞች ናቸው፣ ዋኪን የአሜሪካ ዜግነቱን ያገኘው ከመሞቱ ዓመት ገደማ በፊት ነው። አባትየው ተዋናይ አልነበረም፣ ሠዓሊ ነው። አሁን ብቻውን መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ልጁ የሚናገርበት ቴአትር አለው። የአሜሪካ ልጆች «ዋኪን» ማለት ሲያቅታቸው «ጓክ» ብለውት ነበር፣ የኛም ልጆች ስም ክፍል ውስጥ እንደሚቆራረጠው። ቴአትሩ የተሰየመው በዚያ ስም ነው።