«አርባ ቀኑ ነው» ስለሚባልባቸው አደጋዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አርባ ቀኑ ነው፤ ከተጻፈለት የት ያመልጣል?»
ለቅሶ ቤት ለማጽናኛ ቢባል ማንም አይከፋውም፤ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ግን ትክክል አይደለም። የመኪና አደጋ፣ ቃጠሎ፣ ከከፍታ መውደቅ፣ መስጠምና መመረዝ የት ቦታ፣ በምን ሰዓትና በእነማን ላይ እንደሚበረቱ እንደ ወባ ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

«ሞት የሚበዛው መኪና በበዛበት አገር ነው።»
የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ላይ ሞተዋል፤ ከዓለም ተሽከርካሪዎች 3 በመቶው ብቻ ያሉበት የአፍሪካ ቀጣና ከሟቾቹ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ይይዛል።

«ጥፋቱ የእግረኛው ነው፤ ዘው ብሎ ይገባል።»
ይህን ከሚኒባስ ጋቢና በየቀኑ እንሰማዋለን፤ እግረኛ ጥፋት የለበትም ለማለትም አይደለም። ነገር ግን አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ አካባቢ ቆሞ ያየ ሰው፣ የታክሲ ሰልፍና የተዘረጋ ሸቀጥ የእግረኛውን መንገድ ሲይዙት፣ ሕፃን ያዘለች እናት አስፋልቱን ከመርገጥ በቀር ምርጫ እንደሌላት ይረዳል። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ስህተቱ ሕይወቱን ያስከፍለው እንደሆነ የሚወስነው ግን በአብዛኛው የመኪናው ፍጥነት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና የተሸከመው ጉልበት 30 ሲሄድ ከሚኖረው አራት እጥፍ ነው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ መስፋቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁንና ሰፊና ለስላሳ አስፋልት ሹፌሩንም ለመክነፍ ይጋብዘዋልና፣ ማቋረጫው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ካልታከለበት ሥራው ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ቃጠሎን የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ ያበርደዋል።»
አያበርደውም፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ቁስሉን ለማመርቀዝ ያጋልጣል፣ ሐኪሙንም ያስቸግራል። የሚበጀው ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቆ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን በጆግ እየቀዱም ቢሆን። በረዶ አይደረግበትም።

«ነጭ ጋዝ የጠጣን ሕፃን ማስመለስ ያድነዋል።»
ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጋዙ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባና ሕፃኑን የባሰ ሊጎዳው ስለሚችል፣ ሳያስመልሱ ዕቃውን ጭምር ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መሮጥ ያስፈልጋል። የችግሩ መነሻ ብዙውን ጊዜ ነጭ ጋዝና በረኪናን በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድቶ አልጋ ሥር ማኖር ነው፤ ፊደል ያልለየ ልጅ ውኃን የሚያውቀው በዚያው ፕላስቲክ ነው። በሌላ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አድርጎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።