የቤት እድሳት ፍራንቻይዝ በአሜሪካ፦ አመራረጥና አሠራር

ፍራንቻይዝ ማለት አንድ ሰው የሌላ ኩባንያን ስም፣ የአሠራር ዘዴና የማስታወቂያ ሥርዓት ከፍሎ፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ኃላፊነት የሚነግድበት ውል ነው። በአሜሪካ ይህ አሠራር ከምግብ ቤቶች አልፎ ወደ ቤት እድሳት ከገባ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው ሪባዝ በመታጠቢያ ቤት፣ በ1986 በደቡብ ዳኮታ የጀመረው ኪችን ቱንአፕ ደግሞ በወጥ ቤት ካቢኔት እድሳት ይታወቃሉ። ብዙ ሐበሾች በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ያረጁ ቤቶች ስለሚበዙ የእድሳት ገበያው ሰፊ ነው።

አዲስ ገዢ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ የሚገዛው ስምና ሥርዓት እንጂ የተዘጋጀ ሥራ አለመሆኑን ነው። ኩባንያው የመነሻ ሥልጠና፣ የዋጋ ማውጫ ሶፍትዌር፣ ከአቅራቢዎች ጋር የተደራደረበትን ዋጋና የማስታወቂያ ቅጂዎችን ይሰጣል። ላይሰንሱ፣ ሠራተኛው፣ ዕዳውና የተናደደው ደንበኛ ግን የባለቤቱ ናቸው።

የመግለጫ ሰነዱ

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ እያንዳንዱ ፍራንቻይዝ ሻጭ ኤፍዲዲ የተባለውን የመግለጫ ሰነድ፣ ገዢው ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ እንዲሰጠው ያስገድዳል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከዚህ አልፈው ሻጩ በክፍለ ግዛቱ እንዲመዘገብ ይጠይቃሉ። ሰነዱ 23 ንጥሎች አሉት፤ መቶዎች ገጽ ሊሞላም ይችላል። ጊዜ ያጠረው ሰው ከ20ኛው ንጥል ቢጀምር ይሻለዋል። እዚያ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ቅርንጫፍ እንደተከፈተ፣ እንደተዘጋና እንደተሸጠ በሰንጠረዥ ይገኛል፤ የአሁኖቹና በቅርቡ የለቀቁት ባለቤቶች ስልክም አብሮ ይያያዛል። ለለቀቁት መደወል ግድ ነው። ሻጩ የሚያስተዋውቃቸው ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የተሳካላቸው ናቸው። የለቀቀውን ሰው ግን የመጀመሪያውን ውል ለመፈረም ስንት ወር እንደፈጀበት፣ ኩባንያው ከላከለት የደንበኛ ጥሪ ስንቱ ወደ ሥራ እንደተለወጠ፣ ለራሱ ደመወዝ መክፈል የጀመረው መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

19ኛው ንጥል ስለ ገቢ የሚናገር ሲሆን ግዴታ አይደለም። እዚያ ያልሰፈረ የገቢ ተስፋ በሽያጭ ወኪል አፍ ቢነገር ደንቡን የሚጥስ ነው፤ እንዲህ የሚያወራ ወኪል ሲያጋጥም መጠርጠር ተገቢ ነው። ቁጥር ሲኖርም ጠቅላላ ሽያጭ ይሁን ትርፍ፣ የሁሉም ቅርንጫፎች አማካይ ይሁን የምርጦቹ ብቻ፣ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። 12ኛው ንጥል ክልልን ይመለከታል፦ ኩባንያው እዚያው ክልል ውስጥ በሌላ ስም ወይም በኢንተርኔት መሸጥ ይችል እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው 7ኛው ንጥል ላይ ነው። ይህ ንጥል የመነሻ ወጪ ግምት ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለው የመጠባበቂያ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የተሰላው ለሦስት ወር ብቻ ነው። እድሳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ንግድ ነው። ደንበኛ ይደውላል፣ ቤቱ ይጎበኛል፣ ንድፍ ይሠራል፣ ውል ይፈረማል፣ ፐርሚት ይጠበቃል፣ ካቢኔት ይታዘዛል። ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ ግማሽ ዓመት ቢያልፍ አይገርምም። ስለዚህ ለንግዱም ለቤተሰቡም ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ ይዞ መጀመር ያዋጣል።

ገንዘቡን በከፊል ኤስቢኤ (የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት) ዋስትና በሚሰጠው የባንክ ብድር መሸፈን የተለመደ ነው። ብድሩ የዜግነት ቅድመ ሁኔታ ስላለው፣ የማይመለሰውን የፍራንቻይዝ ክፍያ ከመፈጸም በፊት ባንኩን መጠየቅ ይገባል። ባንኩ የባለቤቱ መዋጮ ከየት እንደመጣም ማስረጃ ይፈልጋል። የእቁብ ዕጣ እጅ በእጅ በጥሬ ገንዘብ ከተቀበሉት ምንጩን ማስረዳት ያስቸግራል፤ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ተቀብሎ ከማመልከቻው ወራት አስቀድሞ አካውንት ውስጥ ማሳደሩ ይመረጣል።

ላይሰንስና ሕግ

የፍራንቻይዙ ስም ላይሰንስ አይተካም። ሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮንትራክተር ሁለት ዓመት ልምድ እንዲያሳይና ፈተና እንዲያልፍ ትጠይቃለች፤ ልምድ የሌለው ገዢ ይህን ሳይፈታ መፈረም የለበትም። ቨርጂኒያ ኮንትራክተሮችን እንደ ሥራው መጠን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብላ ትከፍላለች። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ስኩዌር ጫማ በላይ ቀለም የተቀባ ገጽ የሚነካ ሥራ በፌዴራል የሊድ (በአሮጌ ቀለም ውስጥ የሚገኝ መርዛማ እርሳስ) ደንብ ሥር ይወድቃል፤ ድርጅቱ የተመሰከረለት መሆን አለበት፣ ሥራውን የሚመራው ሰውም የ8 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልገዋል። መስኮት መለወጥ የገጹ ስፋት ምንም ቢሆን በደንቡ ይሸፈናል።

በደንበኛ ቤት የተፈረመ ውል በፌዴራል ደንብ መሠረት በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፣ የክፍለ ግዛት ሕግ ጊዜውን ሊያረዝመው ይችላል፤ ቅዳሜም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ይህ ጊዜ ሳያልፍ በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ ካቢኔት ያዘዘ ሰው፣ ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ ካቢኔቱ እጁ ላይ ይቀራል።

ዋጋ ማውጣት

አንድ መታጠቢያ ቤት እንውሰድ። ዕቃ 9,000 ዶላር፣ ጉልበት 8,500፣ ፐርሚት፣ ቆሻሻ ማንሻና ጥቃቅን ወጪ 2,500፣ ድምሩ 20,000። ባለቤቱ 50 በመቶ ጨምሮ በ30,000 ይሸጣል፤ ግማሽ በግማሽ ያተረፈም ይመስለዋል። ከሽያጩ ሲሰላ ግን ያገኘው 33 በመቶ ብቻ ነው። ሮያሊቲ፣ ማለትም ለኩባንያው የሚከፈለው ድርሻ፣ የሚቆረጠው ደግሞ ከጠቅላላ ሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለም። 6 በመቶ ሮያሊቲና 2 በመቶ የማስታወቂያ መዋጮ ቢሆን 2,400 ይሄዳል፤ ለሻጭ ሠራተኛ 8 በመቶ ኮሚሽን ካለ ሌላ 2,400። የቀረው 5,200 ኢንሹራንሱን፣ መኪናውን፣ ቢሮውን፣ የአካባቢ ማስታወቂያውንና የባንክ ዕዳውን ይሸፍናል። ወለሉ ሲነሳ የበሰበሰ እንጨት ቢገኝና ጥገናው 1,500 ዶላር ቢፈጅ፣ ባለቤቱም ደንበኛውን ማስፈረም አፍሮ ቢተወው፣ 3,700 ብቻ ይቀራል። ከሽያጩ 40 በመቶ የሚፈልግ ሰው ወጪውን ለ0.60 ማካፈል አለበት፦ 20,000 ለ0.60 ሲካፈል 33,333 ይሆናል። ከውሉ ውጭ የሆነ ማንኛውም ሥራም ከመጀመሩ በፊት ዋጋው ተጽፎ መፈረም ይኖርበታል።

በሜሪላንድ ሕግ ሲፈረም ከውሉ ዋጋ አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ ቀሪው ክፍያ ከሥራው ደረጃ ጋር ይታሰራል፤ ለመጨረሻ የሚተወው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ንግዱን ቶሎ የሚገድለው በቀጣዩ ደንበኛ ዲፖዚት (ቅድሚያ ክፍያ) የቀድሞውን ደንበኛ ታይል መግዛት ነው። ሽያጭ እያደገ እስከሄደ ድረስ ጉድለቱ አይታይም፤ አንድ ወር ሲቀዘቅዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለጣል። የደንበኞችን ዲፖዚት በተለየ አካውንት ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል።

ሥራው ቦታ ላይ

ዕቃው ሁሉ መጋዘን ገብቶ፣ ተቆጥሮና ስብራት እንደሌለው ተረጋግጦ ሳያልቅ ማፍረስ መጀመር አያስፈልግም። አንድ የሻወር ቫልቭ ስለዘገየ ብቻ አንድ ቤተሰብ ያለ መታጠቢያ ሊከርም፣ የሠራተኛም ቀን ሊባክን ይችላል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የሻወር ወለል ነው። ወለሉ ወደ ፍሳሹ በአንድ ጫማ ሩብ ኢንች መዝቀጥ አለበት። ከታይሉ ጀርባ የሚገባው የሲሚንቶ ቦርድ አይበሰብስም እንጂ ውሃ ያሳልፋል፤ ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ለብቻው ይሠራል፣ በማዕዘንና በብሎን ቀዳዳ ላይ ደግሞ በተለይ። ታይል ከመለጠፉ በፊት ፍሳሹ ተደፍኖ፣ ወለሉ እስከ ደፉ አፋፍ ውሃ ተሞልቶ ለ24 ሰዓት ይቆይና የውሃው ልክ በምልክት ይለካል። ይህን ፈተና የዘለለ ሠራተኛ አንድ ቀን ያተርፋል፤ ከወራት በኋላ ከሥር ያለው ክፍል ጣራ ሲወይብ ግን ታይሉ ሁሉ ተነቅሎ ሥራው እንደገና ይጀመራል፣ ወጪውም የንግዱ ባለቤት ነው።

ሳብኮንትራክተር (ከሥራው ከፊሉን በውል የሚወስድ ሌላ ሠራተኛ) ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀቱን ማምጣት አለበት። ካላመጣ በዓመቱ መጨረሻ የባለቤቱ ኢንሹራንስ ሂሳብ ሲመረምር ለሰውየው የተከፈለውን ገንዘብ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ ተጨማሪ አረቦን ያስከፍላል።

መውጫው

ውሉ በተለምዶ ለ10 ዓመት ይፈረማል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ በግል ንብረቱ ዋስ ይሆናል። ኪሳራ ስለደረሰ ብቻ ውሉ አይፈርስም። መሸጥ የሚፈልግ ሰው ገዢውን ለኩባንያው አቅርቦ ማስፈቀድና የማስተላለፊያ ክፍያ መክፈል ይጠበቅበታል፤ ከለቀቀ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ፣ አዘውትሮ ለሁለት ዓመት፣ በዚያው ክልል ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠራ ይታገዳል። እነዚህን የሚዘረዝረው 17ኛው ንጥል ነው፤ የፍራንቻይዝ ጠበቃ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል። በብዙዎቹ ውሎች ባለቤቱ ሲወጣ በመኪናው ላይ ለዓመታት ተጽፎ የኖረው ስልክ ቁጥር ሳይቀር ለኩባንያው ይተላለፋል።