ከአንገት ወደ ታች የሚሠራ ባለ መስመር ራግላን ሹራብ

ራግላን ሹራብ ትከሻው ላይ ስፌት የለውም። እጅጌው ከአንገት ይነሳና በሰያፍ እስከ ብብት ይወርዳል። ሁለት ሰያፍ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ክንድን እንደ ልብ ስለሚያንቀሳቅስ የቤዝቦል ተጫዋቾች ማሊያም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይሰፋል።

ስሙ የእንግሊዛዊው የጦር አዛዥ የሎርድ ራግላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 በዋተርሉ ውጊያ ቀኝ ክንዱን አጣ። በ1855 በክራይሚያ ጦርነት የእንግሊዝን ጦር እየመራ ሳለ ሞተ። እንዲህ ዓይነት እጅጌ ያለው ኮት በእሱ ስም ተጠራ፤ ከኮት ወደ ሹራብ ተሻገረ። ባለ መስመሩም የራሱ ታሪክ አለው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በ1858 የመርከበኞቹን ሹራብ ሲደነግግ 21 ነጭ መስመር እንዲኖረው አዘዘ። ነጩ 20 ሚ.ሜ፣ ሰማያዊው 10 ሚ.ሜ ስፋት ነበረው።

ኪሮሽ በአንድ መንጠቆ ይሠራል። ለዚህ ሹራብ ግን ክብ መርፌ ያስፈልጋል፤ ሁለት መርፌ በቀጭን ገመድ የተያያዘ ማለት ነው። ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከናሙና ነው። ትንሽ ቁራጭ ሠርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ በ10 ሴ.ሜ ውስጥ ጎን ለጎን ስንት የክር ቀለበት እንዳለ መቁጠር። እኔ አንዴ ዘልዬው ነበር። 20 ይሆናል ያልኩት 18 ሆነና 100 ሴ.ሜ የታሰበው ደረት 111 ወጣ። ደግነቱ ከላይ ስለጀመርኩ ብብት ላይ ደርሼ ስለካው አወቅኩት። ከታች ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ሰውነት ጨርሼ ነበር የምተረትረው። ለመጀመሪያ ሹራብ ይህን አሠራር የምመክረው ለዚህ ነው፤ እየለበሱ መለካት ይቻላል።

በ10 ሴ.ሜ 20 ቀለበትና 28 ዙር ከወጣ፣ ደረቱ 100 ሴ.ሜ ለሆነ ሹራብ ስሌቱ ይህን ይመስላል። አንገቱ በ88 ቀለበት ይጀመራል፤ ለፊት 34፣ ለኋላ 34፣ ለእያንዳንዱ እጅጌ 10። ዙሩ ሲገጠም ቀለበቶቹ መርፌው ላይ እንዳልተጠማዘዙ ማየት ያስፈልጋል። ከተጠማዘዙ መድኃኒቱ መተርተር ብቻ ነው። ከዚያ በየሁለት ዙሩ በአራቱ ሰያፎች ግራና ቀኝ አንድ አንድ፣ በድምሩ 8 ቀለበት ይጨመራል። ከ28 ጭማሪ በኋላ 312 ይሆናል። ቁመቱም 20 ሴ.ሜ ደርሷል፤ ብብት ላይ ነን።

እዚህ የእጅጌዎቹ 66፣ 66 ቀለበቶች በትርፍ ክር ላይ ይቀመጣሉ። በየብብቱ 10 አዲስ ቀለበት ተጨምሮ ፊትና ኋላው ይገናኛሉ፤ ልክ 200። ከዚህ በኋላ ሰውነቱ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ቴሌቪዥን እያዩ የሚሠራ።

የቀለሙ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በክብ ስንሠራ ዙሩ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ስለሚወጣ፣ ቀለም በተቀየረበት ቦታ መስመሩ ይሰበራል። መፍትሔው ቀላል ነው። የአዲሱ ቀለም ሁለተኛ ዙር ሲጀመር የመጀመሪያዋን ቀለበት ሳይሠሩ ወደ ቀኝ መርፌ ማሳለፍ። መቀየሪያውን ከኋላ ባለው ሰያፍ ላይ ማድረግ ደግሞ የቀረውን ይደብቃል። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ክሩን መቁረጥ አያስፈልግም፤ በውስጥ በኩል ላላ አድርጎ ይዞ መውጣት ነው። ከተሳበ ጨርቁ ይሸበሸባል። ክር ሲገዛም ይታሰብበት፤ ብብት አጠገብ ያለ መስመር አንገት ላይ ካለው ከሦስት እጥፍ በላይ ክር ይበላል።

እጅጌው በ76 ቀለበት ይጀመራል፤ 66ቱና ከብብት የሚነሱት 10። ጥግና ጥጉ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ አንድ አንድ ትርፍ ቀለበት አንስቶ በሚቀጥለው ዙር ከጎረቤቷ ጋር አብሮ መሥራት ይዘጋዋል። በየ7 ዙሩ 2 እየተቀነሰ 16 ጊዜ ሲሆን የእጅ አንጓ ላይ 44 ይቀራል። ብብት ላይ የትኛው ቀለም ስንተኛ ዙር ላይ እንደነበር ወረቀት ላይ መጻፍ አይረሳ። እጅ ወደ ታች ሲለቀቅ የእጅጌውና የሰውነቱ መስመሮች አጠገብ ላጠገብ የሚገጥሙት እጅጌው ከዚያው ቀለም ሲቀጥል ነው።