ላብ፣ ቦርጭ እና ጡንቻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎሕ ሲቀድ በጣና ዳር የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሮጠው፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ዳገቱን የሚወጣው፣ በየሰፈሩ ጂም ብረት የሚያነሳው የባሕር ዳር ሰው ጥቂት አይደለም። ከስፖርቱ ጋር አብሮ የሚተላለፍ ምክርም አለ፤ ከዚህ ምክር አብዛኛው የሚስተው የስብንና የጡንቻን ሥራ ስለሚያምታታ ነው። ስብ ጎተራ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ከጎተራው እየተቀለበ የሚያርስ በሬ ነው።

«ላብ የቀለጠ ስብ ነው።»

በሚያዝያ ሙቀት ሳይቀር ወፍራም ሹራብ ደርቦ ወይም ሆድን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ የመጣው ከዚህ እምነት ነው። ላብ ግን ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃና ጥቂት ጨው እንጂ ስብ አይደለም፤ ከሩጫ መልስ ከሚዛን ላይ የጎደለው ክብደትም አብዛኛው ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል። ፕላስቲኩ ላቡ እንዳይተን በመከልከል የሰውነትን ሙቀት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርስ ይችላል እንጂ የስቡን መጠን አይቀንስም። ስቡ ታዲያ በየት ይወጣል ቢባል፣ በአብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ሰውነት ስብን ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ሲያቃጥል የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ውሃ ሲሆን፣ በአውስትራሊያ የሚገኙ ሁለት ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስሌት መሠረት ከ10 ኪሎ ግራም ስብ ውስጥ 8.4 ኪሎ ግራሙ በሳንባ በኩል በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ግራም ውሃ ይሆናል። ይህን ሰምቶ እንደተቀመጠ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ የሚጀምር ቢኖር ከራስ ማዞር በቀር የሚያተርፈው የለም፤ ትንፋሽ የሚፈለገው ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ነውና።

«ሲት አፕ ቦርጭ ያጠፋል።»

ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ይህ ጥቅሙ አይካድም። ይሁን እንጂ የሚሠራ ጡንቻ ከአጠገቡ ካለው ስብ ብቻ እየቆረሰ አይበላም። ነዳጁን የሚያገኘው ከራሱ ክምችት እና ከደም ነው፤ ወደ ደም የሚገባውን ስብ ደግሞ በሆርሞኖች ትእዛዝ የሚለቁት በመላ ሰውነት ተበትነው ያሉ የስብ ሕዋሳት ናቸው። ከየትኛው አካል ቀድሞ እንደሚቀንስ በአብዛኛው የሚወስኑት ዘር፣ ጾታ እና ዕድሜ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው መቶ ሲት አፕ ሠርቶ ፊቱ ቀድሞ ቢከሳ ሊያስገርመው አይገባም። በሆድ ላይ የሚታየው ስብም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ከቆዳ ሥር ያለ፣ በጣት ሊቆነጠጥ የሚችል ሲሆን፣ ሌላው በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማች ነው። ከስኳር እና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ይህ የውስጠኛው ነው። ደግነቱ አዘውትሮ በመንቀሳቀስ፣ ሚዛኑ ብዙም ሳይወርድ እንኳ፣ ሊቀንስ ይችላል። «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል ማለት ነው» የሚለው የአክብሮት ሰላምታችን ይህን የውስጡን ስብ አያውቀውም።

«ስፖርት ሲቆም ጡንቻው ወደ ስብ ይለወጣል።»

በሬ ጎተራ አይሆንም። ጡንቻና ስብ በተለያዩ ሕዋሳት የተሠሩ ናቸው። ልምምድ ያቆመ ሰው ጡንቻው ሥራ በማጣት ይሟሽሻል፤ የምግቡ መጠን ግን እንደ ቀድሞው ስለሚቀጥል የተረፈው በስብ መልክ ይከማቻል። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ጊዜ ስለሚታዩ አንዱ ሌላውን የሆነ ይመስላል።

«ከሮጥኩ የፈለግሁትን ብበላ ግድ የለም።»

ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያወጣው ጉልበት 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ከሩጫው በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የሚበላው የተጠበሰ ቀረሶ የጠጣው ዘይት ሦስት ማንኪያ ከሆነ ሩጫው ተካክሷል፤ ዓሣው ገና አልተቆጠረም። በሰውነት ላይ ያለ 1 ኪሎ ግራም ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በሩጫ ብቻ ይጨረስ ቢባል ሃያ ሁለት ያህል እንዲህ ያለ ሩጫ ይጠይቃል። ሩጫ ለልብ፣ ለእንቅልፍ እና ለስኳር መጠን የሚሰጠው ጥቅም ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

«በጾም ጡንቻ አይገነባም።»

እዚህ ላይ ፍርዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጡንቻ የሚፈልገው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ደግሞ በሥጋና በእንቁላል ብቻ አይገኝም። ከ100 ግራም ደረቅ ሽንብራ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ይገኛል፤ ምስርና ባቄላም ከዚህ አያንሱም። እህል የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ስለሚያሟላ፣ ሽሮ በእንጀራ የተሳካ ጥምረት ነው። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው። ለአዋቂ ሰው በኪሎ ግራም ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን በቀን ሲመከር፣ ብረት ለሚያነሳ ሰው ግን 1.6 ግራም ገደማ ይጠቅመዋል፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ይህን ያህል ለማግኘት ቀጭን ሽሮ አይበቃውም፣ ምስሩንና ባቄላውን መደረብ አለበት። አስቸጋሪ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም።

«ብረት ማንሳት ሴትን ወንድ ያስመስላል፤ ለሽማግሌም አይሆንም።»

ጡንቻን የሚያገዝፈው ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞን በወንዶች ደም ውስጥ ከሴቶቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ሥጋት መሠረት የለውም፤ እንስራና እንጨት ተሸክመው የኖሩት እናቶቻችንም ምስክር ናቸው። ሁለተኛው ይበልጥ ጎጂ ነው፤ ጡንቻ ከጉልምስና ጀምሮ ቀስ በቀስ ስለሚቀንስ፣ ልምምዱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አረጋዊውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ65 ዓመት በላይ ያሉትም በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለዚህ ጂም መግባት ግዴታ አይደለም፤ ጉልበታቸው ለሚፈቅድላቸው አያት፣ ከበርጩማ ላይ እጃቸውን ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ጥቂት አርፈው መድገም፣ ጥሩ ጅማሬ ነው።