ወርቃማው ሰዓት ምንድን ነው?

በጥር ወር ቅዳሜ ወይም እሑድ ጣና ዳር ብትወጡ፣ የሠርግ መኪና ቆሞ የማታዩበት ጥግ የለም። ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም አልገባም፤ ባሕር ዳር ልጆቿን የምትድረው በዚህች መሃል ነው። ብዙ ሙሽሮች ግን ለፎቶ የሚመጡት 7 እና 8 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ገና ከላይ ታቃጥላለች። የሙሽሪት ዓይኖች ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ሙሽራው ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያ ሁሉ የተደከመበት ጥበብ ነጭ ወረቀት መስሎ ይቀራል። ፎቶ አንሺ "እባካችሁ 11 ሰዓት ተኩል ይሁን" እያለ የሚለማመጠው ወዶ አይደለም።

የሚለምነው ወርቃማውን ሰዓት ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ጠዋት ደግሞ ገና እንደወጣች፣ የሚገኘው ብርሃን ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ወደ እኛ የሚደርሰው ረጅም የአየር መንገድ አቋርጦ ነው። በመንገዱ ሰማያዊው ይበተናል፣ ቢጫውና ቀዩ ይተርፋል። ጉልበቷም ስለሚቀንስ ጥላው ይለሰልሳል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል። የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን ነው፤ ይሄኛው ወደ 3500 ይወርዳል። የጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ውበት የትኛውም ፍላሽ አይሰጥም። ይህን ስል ከልቤ ነው።

"ሰዓት" የሚለው ስም ግን እኛን ያሳስታል። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ ጋደም ብላ ስለምትወርድ ብርሃኑ ይቆያል። ባሕር ዳር ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ፀሐይዋ ቁልቁል ነው የምትወርደው። ከአድማስ 6 ዲግሪ ከፍ ካለችበት እስክትጠልቅ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በጥር አጋማሽ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ፣ ምርጡ ብርሃን ከ12 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። 12 ሰዓት ላይ መኪና የሚያቆም ሙሽራ እንግዲህ ልብስ ሲያስተካክል ብርሃኑ አመለጠው ማለት ነው። ለመገመት ቀላል ዘዴ አለ፦ ክንዳችሁን ዘርጉና ጣቶቻችሁን አግድም በፀሐይና በአድማስ መሃል ያዙ። አንድ ጣት በግምት 15 ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥራውን ስጀምር ለአንድ ጥንዶች "ጀንበር ጣና ላይ ስትጠልቅ አነሳችኋለሁ" ብዬ ቃል ገባሁ። ጥር ነበር። ዳር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ፀሐይ ከግራችን፣ ከየብሱ በኩል ገባች። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ዳር ናት፤ ውሃው ወደ ሰሜን ነው። በጥር ፀሐይ ከምዕራብ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትጠልቃለች። በግንቦት ነው ወደ ሐይቁ የምትጠጋው። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡ ዕድለኞች ናቸው ያልኩት ያኔ ነው።

ታዲያ በጥር ምን ይደረጋል? ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ለጣና ሰጥተው ከቆሙ ብርሃኑ በቀኛቸው ይመጣል። የግራ ጉንጫቸው ይጨልማል። ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ) ከሌለ አንዷ ሚዜ ነጭ ነጠላ ዘርግታ በዚያ በኩል ትቁም፤ ብርሃኑን መልሳ ፊታቸው ላይ ትጥለዋለች። እኔ የምወደው ግን ሌላኛውን ነው። ፎቶ አንሺው ወደ ምዕራብ ዞሮ ፀሐይዋን ከሙሽሮቹ ጀርባ ያደርጋታል። ነጠላ ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጠርዙ ሲበራ፣ የካባው ወርቀ ዘቦ ሲያብለጨልጭ፣ የሙሽሪት ፀጉር ዙሪያውን ወርቅ ሲሆን፣ ሐይቁ በፎቶው ባይኖርም አይቆጫችሁም። ሰፊ እይታ ለሚፈልግ ደግሞ ቤዛዊት ኮረብታ አለ። ከዚያ ከተማው ከሥር፣ ጀንበሯ ከማዶ ናት።

ካሜራው ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ነጭ ሚዛኑን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን) አውቶማቲክ ላይ አትተዉት፤ ወርቁን "ስህተት ነው" ብሎ ያጠፋዋል። የቀን ብርሃን ላይ አድርጉት። ብርሃኑን ደግሞ የሐበሻ ቀሚሱ ነጭ እንዳይቃጠል አድርጋችሁ ለኩ፣ በሮው (RAW) ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል አንሱ። የጨለመ ፊት በኋላ ከፍ ይላል፤ የተቃጠለ ጥለት ግን አይመለስም።

ዋርካ ሥር መሸሽ እንደ መፍትሔ ይነገራል። ጥላው ቀን ላይ ያድናል፣ እውነት ነው። ግን በቅጠል ያለፈ ብርሃን ነጩን ልብስ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከጥላው ጠርዝ አትራቁ።

ፀሐይ ስትገባ ደግሞ አጃቢው "በቃ፣ አዳራሽ እንሂድ" ማለት ይጀምራል። 10 ደቂቃ ብቻ ለምኑልኝ። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ውሃውም አብሮት። ፍላሹ ላይ ብርቱካንማ ጄል (ብርሃን የሚያቀልም ስስ ፕላስቲክ) ይለጠፍና ሙሽሮቹ ሞቅ ብለው፣ ከኋላቸው ጣና በርዶ ይታያሉ። ከሩቅ የደንገል ታንኳ ወደ ዳር ሲመለስ ካገኛችሁ፣ ሚዜውን መኪናውን ትንሽ ያቆየው ብላችሁ ላኩት።