የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ጨረታና የአነስተኛ ድርጅቶች ምዝገባ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የማይገዛው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከጦር አውሮፕላን አንስቶ እስከ ቢሮ ጽዳት፣ ሣር ማጨድና የትርጉም ሥራ ድረስ በኮንትራት ያሠራል። በሕግ በተቀመጠው ግብ መሠረት፣ መንግሥት በቀጥታ ለሚዋዋላቸው ዋና ኮንትራቶች ከሚወጣው ገንዘብ ቢያንስ 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች መድረስ አለበት። ከዚህ መካፈል የፈለገ ድርጅት መጀመሪያ ሳም ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይመዘገባል።

ሳምን የሚያስተዳድረው ጂኤስኤ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ ሲጀምር፣ በየቦታው ተበታትነው የነበሩ መዝገቦችን ጠቅልሎ ያዘ። ምዝገባው በነፃ ነው። አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ድርጅት ሲመዘገብ የተወካዩ ስምና አድራሻ ለሕዝብ ክፍት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስልኩ መጮህ ይጀምራል፤ ኢሜይሉም ይጎርፋል። «ምዝገባዎ ሊቃጠል ነው፣ ይህን ያህል መቶ ዶላር ይክፈሉ» የሚሉት መልእክቶች የመንግሥት ይመስላሉ፤ ግን የግል ድርጅቶች ናቸው።

ወደ ሳም ከመሄድ በፊት የሚዘጋጅ ነገር አለ። ድርጅቱ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ወይም ኮርፖሬሽን ከሆነ በስቴቱ ተመዝግቦ መቋቋም አለበት። አይአርኤስ ከተባለው የፌዴራል ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የግብር ቁጥሩን (ኢአይኤን) ያወጣል። ክፍያው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚገባ የባንክ ሒሳብም ያስፈልጋል። ወደ ሳም የሚገባው ደግሞ ሎጊን ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት መግቢያ ላይ በሚከፈት አካውንት ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቅጹ ላይ አይደለም። የሚሰናከለው ስምና አድራሻ ሲመሳከር ነው። ሲስተሙ የድርጅቱን ሕጋዊ ስምና የሚገኝበትን ቦታ ያጣራል። በስቴቱ መዝገብ ላይ «ኤልኤልሲ» የሚል ካለና እዚህ ከተረሳ፣ ወይም የክፍል ቁጥሩ አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ነገሩ ይንጠለጠላል። ያኔ ስምና አድራሻውን የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል፤ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ የባንክ ወይም የመብራት ደረሰኝ ሊሆን ይችላል። የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ ቦታ አድራሻ አይቆጠርም። ቀጥሎ አይአርኤስ ስሙንና የግብር ቁጥሩን ያመሳክራል። ገና የወጣ ኢአይኤን በሲስተሙ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በማግሥቱ መሮጥ አያዋጣም። በእኔ እይታ ለዚህ ሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ አንድ ስምና አንድ አድራሻ፣ ፊደል ሳይቀየር፣ መጠቀም ነው።

የስምና የአድራሻው ማጣራት ሲያልቅ ድርጅቱ ዩኢአይ የተባለ ባለ 12 ምልክት መለያ ያገኛል። እስከ ኤፕሪል 2022 ድረስ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ከአንድ የግል ኩባንያ የሚገኘው ዳንስ ቁጥር ነበር። መለያውን ብቻ ወስዶ ማቆምም ይቻላል፤ ግን በቀጥታ ለመጫረት አይበቃም። ሙሉ ምዝገባ ለሚያደርግ ኬጅ ኮድ የተባለው ባለ አምስት ምልክት ቁጥር ከመከላከያ ሎጂስቲክስ ኤጀንሲ ይመጣለታል።

በቅጹ ላይ የሥራ ዘርፍ ኮዶችም ይመረጣሉ። ባለ ስድስት አሃዝ ናቸው። ጽዳት ለምሳሌ 561720 ነው። «አነስተኛ» የሚባለው መጠን እንደ ዘርፉ ይለያያል፤ አንዳንዱ በሠራተኛ ብዛት፣ ሌላው በዓመታዊ ገቢ አማካይ ይለካል። ልኩን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር (ኤስቢኤ) ነው። በመጨረሻ ድርጅቱ ስለራሱ የሚያረጋግጣቸው ረጃጅም መግለጫዎች አሉ። ሳያነቡ ምልክት ማድረግ አይገባም፤ ሐሰት ከተገኘ በሕግ ያስጠይቃል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ የዜግነት ነው። እንደ አነስተኛ ድርጅት ለመቆጠር ባለቤቱ የግድ ዜጋ መሆን የለበትም። ድርጅቱ ለትርፍ የሚሠራ፣ ቢሮው አሜሪካ ውስጥ ያለና በዋናነት እዚያ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይበቃል። ኤይት ኤ (በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ለተጎዱ ባለቤቶች)፣ የሴቶች ድርጅቶችና ሀብዞን (ንግድ ባልተስፋፋባቸው አካባቢዎች ላሉ ድርጅቶች) የተባሉት ልዩ ፕሮግራሞች ግን በመሠረቱ ቢያንስ 51 በመቶው የአሜሪካ ዜጎች ንብረት እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ማመልከቻቸውም ለብቻው ለኤስቢኤ ይገባል።

መመዝገብ ሥራ ማግኘት አይደለም። ማስታወቂያዎቹ እዚያው ሳም ላይ ይወጣሉ፤ ከ25,000 ዶላር በላይ የሆኑ ግዢዎች በአብዛኛው እዚያ ይገለጣሉ። ለጀማሪ ግን ትልቅ ኮንትራት ለያዘ ድርጅት በንዑስ ተቋራጭነት መሥራት ቀለል ያለ መግቢያ ነው። የሚያግዝ ሰው ለሚፈልግ ኤፔክስ አክሰለሬተር የሚባሉ ማዕከላት በየስቴቱ አሉ። በመከላከያ ሚኒስቴር ድጋፍ ስለሚሠሩ ምክራቸው በአመዛኙ በነፃ ነው።

ምዝገባው በየ365 ቀኑ ይታደሳል። የጨረታ ዋጋ በሚገባበት ቀንም ሆነ ኮንትራቱ በሚሰጥበት ቀን የጸና መሆን አለበት። የፌዴራል በጀት ዓመት የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30 ነው። መሥሪያ ቤቶች የቀራቸውን ገንዘብ ለማዋል የሚጣደፉት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ኦገስት ላይ ምዝገባ የሚጀምር ሰው ለዚያ ዓመት ላይደርስ ይችላል።